ዴቭ ዲፔንደንሲ ሳይከርምም ሳይቸኩሉም አፕዴት ማረጊያ መንገድ

ጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ማያየው ቦታ ቢኖር ፓኬጅ ጄሰን (ፕሮጀክቱ ሚጠቀማቸው ፓኬጆች ሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ታች ያለው ዴቭ ዲፔንደንሲ ሚለው ክፍል ነው። ኢኤስሊንት፣ ፕሪቲየር፣ ቪት፣ ጀስት፣ ታይፕስክሪፕት ምናምን እዛ ነው ሚቀመጡት፣ ሳይቱን ከፍቶ ሚጠቀመው ደንበኛ ጋ አይደርሱም፣ እኛ ኮድ ስንፅፍ፣ ቴስትና ቢልድ ስናረግ ነው ሚሰሩት። ስለዚህ "እየሰራ አይደል፣ ምን አስነካህ" እየተባለ ሁለት ሶስት አመት ይከርማሉ፣ ከዛ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ የሲኒየሮቹን ፕሮጀክት ተረክቦ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ክሎን ሲያረገው ስክሪኑ በቀይ ይሞላል። በሌላ በኩል ደሞ አዲስ ቨርዥን ወጣ ሲባል በሰአቱ ሚጭን አለ፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ እመጣበታለሁ። እኔ ምመክረው መሀሉን ነው፦ በወር አንዴ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ፣ ከወጣ ሳምንት ያልሞላውን ሳይነኩ።

ትዛዞቹን በአነባበባቸው ነው ምፅፋቸው፣ ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደል ናቸው፣ ዳሽ ያልኩት አጭሯን ሰረዝ ነው።

መጀመሪያ መነሻው ንፁህ ይሁን። ጊት ስታተስ ብላችሁ ኮሚት ያልተደረገ ነገር አለመኖሩን እዩ፣ አዲስ ብራንች ክፈቱ፣ ከዛ በኤንፒኤም፣ ማለትም ፓኬጅ በሚጭነው ፕሮግራም፣

ኤንፒኤም ሲአይ

በሉ። ይሄ ፓኬጆቹ ሚጫኑበትን ኖድ ሞጁልስ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ያጠፋና ሎክ ፋይሉ (የያንዳንዱን ፓኬጅ ልክ ቨርዥን ሚመዘግበው ፋይል) ላይ የተፃፈውን ቨርዥን ብቻ፣ አንድ ነጥብ ሳይዛነፍ ይጭናል። ሎኩና ፓኬጅ ጄሰኑ ካልተስማሙ አልጭንም ብሎ ይቆማል፣ ኤንፒኤም ኢንስቶል ግን ዝም ብሎ ሎኩን ያስተካክለዋል፣ ለዛ ነው እዚህ ጋ ሲአዩን ምመርጠው። ከዛ ሊንቱንም (ኮዱ ላይ ስህተት ሚፈልገውን) ቴስቱንም ቢልዱንም አስኪዱት። ገና ምንም ሳትነኩ የተሰበረ ነገር ካለ አሁን ጠግኑት፣ አለዛ ኋላ ላይ አፕዴቱ ነው የሰበረው እያላችሁ ያልበላችሁትን እዳ ስትከፍሉ ታመሻላችሁ። ሎክ ፋይሉን ጊትኢግኖር ውስጥ የከተተ ሰው ካለ ደሞ ዛሬውኑ ያውጣው፣ ከነሎኩ ኮሚት ካልተደረገ ከዚህ በታች ያለው ነገር ብዙም አይጠቅመውም።

ቀጥሎ ማያስፈልገውን መጣል ነው፣ ማትጠቀሙበትን ፓኬጅ አፕዴት ማረግ ዳታም ጊዜም ማባከን ነው። ኤንፒኤክስ ክኒፕ ስትሉ ኮዳችሁ ውስጥ ማንም ማይጠራቸውን ፓኬጆች ያወጣላችኋል። አልፎ አልፎ ኮንፊግ ፋይል ላይ ብቻ የተጠቀሰ ነገርን ትርፍ ነው ብሎ ሊነግራችሁ ስለሚችል ስሙን ፕሮጀክቱ ውስጥ ሰርች አርጉትና ከሌለ ኤንፒኤም አንኢንስቶል። በቃ።

አሁን ዋናው፦

ኤንፒኤም አውትዴትድ

ይሄ ሰንጠረዥ ያመጣል፣ ሶስቱን አምዶች ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹ ስራ አልቋል። ከረንት ማለት አሁን ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ነው፣ ዋንትድ ማለት ፓኬጅ ጄሰን ላይ የፃፋችሁት ገደብ ሚፈቅደው የመጨረሻው ነው፣ ሌተስት ማለት ደሞ ገደቡን ትቶ ጭራሽ አዲሱ ነው። ለምሳሌ አንድ መስመር ላይ ፕሪቲየር ከረንቱ 3.0.3 ዋንትዱም ሌተስቱም 3.6.2 ቢል ያ ቀላል ነው፣ በቀይ ነው ሚታየው፣ ገደባችሁ ውስጥ ስለሆነ አሁኑኑ ይነሳል። ኢኤስሊንት ግን ከረንቱም ዋንትዱም 8.57.1 ሆኖ ሌተስቱ ላይ መጀመሪያዋ ቁጥር ከ8 ከፍ ካለች በቢጫ ነው ሚመጣው፣ እሱ ሜጀር ነው፣ ሌላ ቀን፣ ለብቻው። መጀመሪያዋ ቁጥር ሜጀር ነው ምትባለው፣ እሷ ስትቀየር የድሮ ኮዳችሁ ሊሰበር ይችላል ማለት ነው፣ መሀለኛዋ ማይነር፣ መጨረሻዋ ፓች ናት።

ገደቡን ሚወስኑት ከቁጥሩ ፊት ያሉት ምልክቶች ናቸው። ኮፍያ ምትመስለዋ ካሬት ከ1.2.3 ፊት ካለች እስከ 2.0.0 ድረስ፣ 2ን ሳይጨምር፣ ያለውን ሁሉ ትፈቅዳለች። ሞገድ ምትመስለዋ ቲልዴ ደሞ እስከ 1.3.0 ብቻ፣ እሱንም ሳትጨምር። ሰው ሚዘነጋው ነገር ቁጥሩ በዜሮ ከጀመረ ካሬትም ትጠባለች፣ 0.2.3 ላይ ብትሆን ከ0.3.0 በታች ያለውን ብቻ ነው ምትፈቅደው፣ ስለዚህ በዜሮ ሚጀምር ፓኬጅ ላይ መሀለኛዋ ቁጥር ስትቀየር እንደ ሜጀር ቁጠሩት። ሌላ ደሞ ታይፕስክሪፕት ይሄን የቁጥር ህግ አይከተልም፣ ከ5.4 ወደ 5.5 ስትሄዱም ትላንት ዝም ያለው ኮድ ዛሬ ኤረር ሊያወጣ ይችላል፣ ለሱ ቲልዴ ብታረጉለት ነው ሚሻለው። ፕሪቲየርን ደሞ ያለ ምንም ምልክት ልክ በቁጥሩ እሰሩት፣ ራሳቸው ፕሪቲየሮቹ ሚመክሩት እንደዛ ነው፣ ትንሽዬ ለውጥ እንኳ የፋይሎቻችሁን አፃፃፍ ስለሚቀይር አንዱ ልጅ ጋ 3.5 ሌላው ጋ 3.6 ካለ ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላውን ኮድ ሲያስተካክል ነው ሚውለው።

ቀላሎቹን ባንዴ ለማንሳት እኔ ምጠቀመው ኤንፒኤም ቼክ አፕዴትስ ሚባለውን ነው፦

ኤንፒኤክስ ኤንፒኤም ዳሽ ቼክ ዳሽ አፕዴትስ፣ ዳሽ ዳሽ ዴፕ ዴቭ፣ ዳሽ ዳሽ ታርጌት ማይነር፣ ዳሽ ዩ

ይሄ ዴቭ ዲፔንደንሲዎቹን ብቻ፣ ሜጀሩን ሳይነካ ፓኬጅ ጄሰን ላይ ያስተካክላል፣ እሱ ፅሁፉን ብቻ ነው ሚቀይረው፣ ከኋላው ኤንፒኤም ኢንስቶል ማለት አለባችሁ። ኤንፒኤም አፕዴት ራሱም ይሰራል ግን ከኤንፒኤም 7 ወዲህ ዳሽ ዳሽ ሴቭ ካልጨመራችሁበት ፓኬጅ ጄሰን ላይ ያለውን ቁጥር አይነካም፣ ሎኩን ብቻ ነው ሚያድሰው፣ "አፕዴት አረኩ ቁጥሩ ግን ያው ነው" ሚሉት ልጆች ነገሩ ይሄ ነው። ከዛ ሊንት፣ ቴስት፣ ቢልድ፣ ሁሉም ካለፈ አንድ ኮሚት።

ሜጀሮቹ ላይ ነው ሰው ሚደክመው፣ ሚደክመውም ሁሉንም ባንድ ላይ ስለሚያነሳ ነው። አንድ በአንድ፣ ለያንዳንዱ የራሱ ኮሚት። ሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ። ኢኤስሊንት 9 ሚያዝያ 2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲወጣ ኮንፊጉን ራሱ ነው የቀየረው፣ ድሮ ነጥብ ኢኤስሊንትአርሲ ይባል የነበረውን ትቶ ኢኤስሊንት ነጥብ ኮንፊግ ነጥብ ጄኤስ ሚባል ፋይል ነው ሚፈልገው። ስለዚህ ቁጥሩን ቀይራችሁ ብቻ ብታስኪዱት ኮንፊግ የለህም ይላችኋል፣ ኮዳችሁ ምንም አልሆነም። አሮጌውን ወደ አዲሱ ሚቀይር ማይግሬት ኮንፊግ ሚባል የራሳቸው መሳሪያ አለ፣ ባብዛኛው ጥሩ ይሰራል፣ ፋይላችሁ በጄኤስ የተፃፈ ከሆነና ውስጡ ሎጂክ ካለ ግን በእጃችሁ መጨረሳችሁ አይቀርም። ሁለተኛው ፕሪቲየር 3 ነው፣ ሀምሌ 2023 ላይ የወጣው፣ ዲፎልቱ ተቀይሮ የፋንክሽን አርጊዩመንት መጨረሻ ላይ ሁሉ ኮማ መጨመር ጀመረ። ስታስኪዱት መቶ ፋይል ሊቀየር ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ቁጥሩን ባንድ ኮሚት፣ የኮማውን ለውጥ በሌላ ኮሚት አርጉትና የሁለተኛውን ኮሚት መለያ ነጥብ ጊት ዳሽ ብሌም ዳሽ ኢግኖር ዳሽ ሬቭስ ሚባል ፋይል ላይ ፃፉት፣ ጊትሀብ ብሌም ስታዩ ይዘለዋል፣ ይሄን መስመር ማን ፃፈው ብላችሁ ስትፈልጉ የኮማው ኮሚት አያደናግራችሁም።

ኖዳችሁንም (ጃቫስክሪፕቱን ላፕቶፓችሁ ላይ ሚያስኬደውን) ቼክ አርጉ፣ ኖድ ዳሽ ቪ። ኖድ 18 ሚያዝያ 2025 ላይ ድጋፉ አልቋል፣ ቪት 7 ደሞ ቢያንስ 20.19 ወይም 22.12 ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንዳንዴ ፓኬጁን ሳይሆን ኖዱን ነው ቀድማችሁ ምታነሱት። አት ታይፕስ ስላሽ ኖድ ሚባለው ፓኬጅ ሌተስቱ ምንም ይበል ምን ሜጀሩ ከምትጠቀሙት ኖድ ጋ አንድ ይሁን፣ ኖድ 22 ካላችሁ 22 ላይ ይቀመጥ፣ አለዛ ኖዳችሁ ላይ የሌለ ፋንክሽን አለ ብሎ ይዋሻችኋል።

መሀል ላይ ኢሪዞልቭ ሚል ኤረር ከመጣ አንዱ ፕለጊን አዲሱን ኢኤስሊንት ገና አልደገፈም ማለት ነው ባብዛኛው። ዳሽ ዳሽ ፎርስ ወይም ሌጋሲ ፒር ዴፕስ ብላችሁ አትለፉት፣ ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን ብላችሁ የፓኬጁን ስም ስትጨምሩበት ማን እንደያዘው ይነግራችኋል፣ ፕለጊኑ አዲስ ቨርዥን ካለው አንሱት፣ ከሌለው ያን ሜጀር ለሚቀጥለው ወር ተዉት፣ ምንም አይደለም።

ባለፈው አንድ የአዘዞ ልጅ "ጋሼ፣ 14 ቫልነራቢሊቲ አለብህ ይለኛል፣ ተጠልፌ ነው እንዴ?" ብሎ ደወለልኝ። አልተጠለፈም፣ ቫልነራቢሊቲ ማለት ፓኬጁ ላይ የታወቀ የደህንነት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ኤንፒኤም ኦዲት ዴቭ ዲፔንደንሲውንም አብሮ ነው ሚቆጥረው፣ ኦዲት ዳሽ ዳሽ ኦሚት እኩል ይሆናል ዴቭ በሉት፣ ደንበኛው ጋ ሚደርሰውን ብቻ ያሳያችኋል፣ እሱ ላይ ያለው ዛሬ ይስተካከል፣ ሌላው በወሩ አፕዴት አብሮ ይሄዳል። ኦዲት ፊክስ ዳሽ ዳሽ ፎርስ ግን ይቅርባችሁ፣ ሳይጠይቅ ሜጀር ይቀይራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ድሮ ቨርዥን ይመልሳችኋል።

እንዲህ ስል ዴቭ ዲፔንደንሲ አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ደንበኛው ላይ ሳይሆን እናንተ ላፕቶፕ ላይ። እነዚህ መሳሪያዎች ሲጫኑ ማሽናችሁ ላይ ኮድ ያስኬዳሉ፣ ቶክናችሁን፣ ፓስወርዳችሁን፣ ኤንቭ ፋይላችሁን ማየት ይችላሉ። ሀምሌ 2018 ላይ ኢኤስሊንት ስኮፕ 3.7.2 ሚባል የተበከለ ቨርዥን ወጥቶ የጫነውን ሰው የኤንፒኤም ቶክን ሲሰርቅ ነበር። መስከረም 2025 ላይ ደሞ ቾክና ዲበግ ሚባሉት፣ ሁሉም ሰው ፕሮጀክት ውስጥ ያሉት፣ ባለቤቱ ከኤንፒኤም የመጣ በሚመስል የውሸት ኢሜይል ተታሎ የተበከለ ቨርዥን ተለቀቀባቸው። ሁለቱም በሰአታት ውስጥ ተደርሶባቸው ተነሱ፣ የተጎዳው በዛች ሰአት የጫነው ነው። ሳምንት ጠብቁ ምለው ለዚህ ነው። በኤንፒኤም ፈንታ ፒኤንፒኤም ሚባለውን ፓኬጅ መጫኛ ምትጠቀሙ ከሆነ ከ10.16 ጀምሮ ሚኒመም ሪሊዝ ኤጅ ሚባል ሴቲንግ አለ፣ በደቂቃ ነው ሚሞላው፣ ለአንድ ሳምንት 10080 አርጉት፣ እሱ ራሱ ይጠብቅላችኋል። አንድን የደህንነት ቀዳዳ ሚደፍን አፕዴት ከሆነ ግን ሳምንት አይጠበቅም፣ እሱ ይለያል።

አሁን ወደኛ ኑሮ። እዚህ ጎንደር ባብዛኛው በሞባይል ዳታ ነው ምንሰራው፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ጥር ላይ ለጥምቀት እንግዳው ሲሞላ ደሞ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ለዚህ ስራ የሌሊት ጥቅል ወይም የካምፓስ ዋይፋይ ያለበትን ሰአት ምረጡ። አንዴ የወረደ ፓኬጅ ካሽ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኤንፒኤም ሲአይ ዳሽ ዳሽ ፕሪፈር ዳሽ ኦፍላይን ስትሉ ያለውን ከካሽ አንስቶ የሌለውን ብቻ ነው ሚያወርደው፣ ለዛም ካሽ ክሊን ሚለውን ምክር ኢንተርኔት ላይ ባያችሁ ቁጥር አትተግብሩት። ብዙ ፕሮጀክት ያላችሁ ወደ ፒኤንፒኤም ብትዞሩ ይሻላችኋል፣ አንድ ቨርዥን ዲስኩ ላይ አንዴ ብቻ ነው ሚቀመጠው፣ ሁሉም ፕሮጀክት እሱኑ ይጠቀማል፣ ፒኤንፒኤም ኢምፖርት ብትሉት አሮጌውን ሎክ ራሱ ይቀይርላችኋል። ጥቅሉን ሚጨርሰው ግን ባብዛኛው ሳይቱን በብራውዘር ቴስት ለማረግ ምንጠቀምባቸው ፐፐቲርና ሳይፕረስ ነው፣ ሲጫኑ ክሮምን ወይም የራሳቸውን ፕሮግራም አብረው ያወርዳሉ፣ ከመቶ ሜጋ በላይ ነው፣ ፐፐቲር ስኪፕ ዳውንሎድ ሚለውን ኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል ትሩ ካረጋችሁት ይዘለዋል፣ ያላችሁን ክሮም ትጠቁሙታላችሁ።

ከሁሉም በላይ ዳታ ሚቆጥበው ግን ስራውን ለጊትሀብ መስጠት ነው። ዲፔንዳቦት ራሱ አዲስ ቨርዥን እያየ ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል፣ ጊትሀብ አክሽንስ ላይ ኤንፒኤም ሲአይና ቴስቱን ካስቀመጣችሁ ሚወርደው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፣ እናንተ ፒያሳ ማኪያቶ ይዛችሁ ከስልካችሁ አረንጓዴ ምልክቷን ታያላችሁ፣ ለውጡን ታነባላችሁ፣ መርጅ። ሴቲንጉ ነጥብ ጊትሀብ ፎልደር ውስጥ ዲፔንዳቦት ያምል ላይ ነው ሚፃፈው፣ ኢንተርቫሉን መንዝሊ በሉት፣ ግሩፕስ በሚለው ስር ዲፔንደንሲ ታይፑን ዴቨሎፕመንት፣ አፕዴት ታይፑን ማይነርና ፓች አርጋችሁ ባንድ ፑል ሪኩዌስት እንዲመጡ አርጉ፣ ሜጀሮቹ ለየብቻ ይመጣሉ። አዲስ ቨርዥን ከወጣ በኋላ ስንት ቀን እንዲጠብቅ ሚነግረው ኩልዳውን ሚለውም አለ፣ ቀኑን 7 ሙሉበት። ግሩፕ ካላረጋችሁት በየፓኬጁ እየከፈተ ኢሜይላችሁን ይሞላዋል፣ ከዛ ሰው ተሰላችቶ ያጠፋዋል። ቴስት የሌለው ፕሮጀክት ላይ ደሞ አረንጓዴው ብዙ አይታመንም፣ ቢያንስ ቢልዱና ታይፕ ቼኩ ይሩጥ።

መሀል መንገድ ላይ ተበላሽቶባችሁ፣ ወይ መብራት ኢንስቶል ላይ እያለ ሄዶ ኖድ ሞጁልሱ ግማሽ ቀርቶ ከሆነ፣ ጊት ሪስቶር ብላችሁ ፓኬጅ ጄሰኑንና ሎኩን ሁለቱንም መልሷቸው፣ አንዱን ብቻ እንዳትመልሱ፣ ከዛ ኤንፒኤም ሲአይ ዳሽ ዳሽ ፕሪፈር ዳሽ ኦፍላይን፣ ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። የቱ ፓኬጅ እንደሰበረው ካላወቃችሁ ደሞ አንድ በአንድ ኮሚት ያረጋችሁት አሁን ነው ሚጠቅማችሁ፣ ጊት ባይሴክት ጀምሩና ባድና ጉድ እያላችሁ ግማሽ ግማሽ እየቆረጠ ጥፋተኛውን ኮሚት ራሱ ያወጣዋል፣ በየመሀሉ ኤንፒኤም ሲአይ ማለቱን ብቻ አትርሱ።