ከአፕዴት በኋላ ባትሪ ቶሎ ሲያልቅ የሚሠሩ ስህተቶች

ስልኩ ማታ አፕዴት ተደረገ፤ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ 20 ከመቶ ቀርቶታል። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ደሴ ፒያሳ ይወጣና «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩልኝ» ይላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ትናንት ደህና የዋለ ባትሪ በአንድ ሌሊት አይሞትም! አዲሱ ሶፍትዌር ከገባ በኋላ ስልኩ የተጫኑትን አፖች አንድ በአንድ ለአዲሱ ሲስተም ያዘጋጃል፣ ፎቶና ፋይሎችን እንደገና ይመዘግባል። ፕሮሰሰሩ ስለማያርፍ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪውም ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ሺህ ፎቶ የያዘ ስልክ ላይ ሊረዝም ይችላል።

በዚህ መሀል የፋብሪካውን ባትሪ አውጥቶ ገበያ ላይ የተገኘውን ማስገባት ደህናውን በመጥፎ መለወጥ ነው። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ያን ያህል አይይዝም። ክዳኑም በሙቀት ተላቆ ሲመለስ ማጣበቂያው እንደ ፊተኛው ውሃና አቧራ አይከለክልም። በ3ኛው ቀን ስልኩ ሥራውን ጨርሶ ይረጋጋል፤ ሰውየው ግን «የባትሪው ነገር ነበር» ብሎ ጎረቤቱንም ወደዚያው ይልካል። ስህተቱ የሚዛመተው እንዲህ ነው።

ባትሪ መቀየር ያለበት 30 ከመቶ እያሳየ በድንገት ሲጠፋ፣ ከ40 ወደ 15 ሲዘል፣ አይፎን ከሆነ ደግሞ የባትሪ ጤንነቱ ከ80 ከመቶ ሲወርድ ነው። ክዳኑን ገፍቶ ያበጠ ባትሪ ግን ቀጠሮ የለውም፦ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይበሳም፣ በዚያው ቀን ይወጣል።

ሁለተኛው ስህተት ቻርጅ እየቆራረጡ ማድረግ ነው። አንድሮይድ የቀረውን የአፕ ዝግጅት በብዛት የሚሠራው ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ሲቆይ ነው። ቀን ሱቅ ውስጥ 10 ደቂቃ ሰክቶ መንቀል፣ እየተሰካም ቲክቶክ ማየት ሥራውን ያራዝመዋል። ሌሊት መብራት ከሄደም እንዲሁ ሳያልቅ ይቀራል። ስለዚህ ከአፕዴት በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ሌሊቶች ተሰክቶ ይደር፤ መብራት የማይታመን ከሆነ ፓወር ባንክም ይሆናል። ከሽፋኑ ይውጣ፣ ትራስ ሥር አይግባ።

ፋብሪካ ሪሴት፣ ማለትም በስልኩ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር፣ የመጨረሻው መፍትሔ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ዋትሳፕ ባካፕ ካልተደረገ ጽሑፉ ሁሉ ይጠፋል፣ የቴሌግራም ሚስጥራዊ ቻትም አይመለስም። የከፋው ግን ጂሜይሉ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን ሲገዛ አካውንቱን የከፈተለት የሱቁ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ አያውቀውም። በድምፅና በማብሪያ ቁልፍ ሪከቨሪ ወደሚባለው የጥገና ገጽ ተገብቶ በስልኩ ያለው ሁሉ ከተሰረዘ፣ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቅና ይቆለፋል። መጀመሪያ ጂሜይሉንና የይለፍ ቃሉን በእጅ መያዝ፣ ከዚያ ማሰብ። ወደ ቀድሞው ቨርዥን ፍላሽ ማስደረግም (የድሮውን ሶፍትዌር በኮምፒውተር መልሶ ማስጫን) ዳታውን ያጠፋል፤ አንዳንድ ስልክ ጭራሽ ወደ ኋላ መመለስን አይቀበልም፣ ተገድዶ ከተሞከረ ላይነሳ ይችላል።

የባትሪ ማዳኛና ክሊነር አፕ አይጫን፤ ራሱ ከጀርባ እየሠራ ባትሪ ይበላል፣ የዘጋቸው አፖችም ተመልሰው ሲነሱ ይብሳል።

ኔትወርኩን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። አፕዴት አንዳንዴ የኔትወርክ ምርጫውን ይቀይረዋል፤ 5ጂ በማይደርስበት ሰፈር ስልኩ ሲፈልገው ይውላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲግናሉ ሲደክም ስልኩ የሚያስተላልፍበትን ኃይል ይጨምራል፤ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ይህን ፍጆታ ከአፕዴቱ ይቆጥረዋል። ሴቲንግ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ ገብቶ 4ጂን መምረጥ፣ ኔትወርክ የማያገኘውን ሁለተኛ ሲም ማጥፋት ይበቃል። ጥር ላይ የደሴ ጠዋት ብርድም ባትሪውን ለጊዜው ያዳክመዋል፤ ስልኩ ሲሞቅ ይመለሳል።

ሲስተሙ አዲስ፣ አፖቹ አሮጌ ሆነው መቅረትም አለ። ፕሌይ ስቶር ገብቶ ሁሉንም አፕዴት ማድረግ ነው።

ሳምንት አልፎም ካልተሻለው ግምቱ ይቁምና ይለካ። ማታ 100 ከመቶ ሞልቶ፣ ከቻርጅ ነቅሎ፣ አውሮፕላን ሞድ ላይ 8 ሰዓት ማሳደር። ጠዋት የጎደለው 2 ወይም 3 ከመቶ ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፤ የሚበላው ኔትወርክ ወይም በኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ነው። ከ10 በላይ ከጎደለ በማግስቱ ማታ ያንኑ በሴፍ ሞድ (የተጫኑ አፖች ሳይነሱ ስልኩ የሚሠራበት) መድገም፦ በብዙ አንድሮይድ ስልክ የማጥፊያውን ምርጫ ተጭኖ ሲቆይ ሴፍ ሞድ ይመጣል። በሴፍ ሞድ የጎደለው መጠን ከቀነሰ ጥፋቱ ከተጫነ አፕ ነው፤ በቅርብ ከገባው ጀምሮ አንድ በአንድ ይነቀል። ካልቀነሰ ያን ጊዜ ስልኩ ወደ ጥገና ይሂድ፤ ቁጥሮቹም ለሠሪው ይነገሩት።