ከነቀላ በፊት፦ ጥርስ ለምን እንደሚጠፋና በምን እንደሚተካ

የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ቦታው ባዶ ሆኖ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ፊት ለፊት ይገጥመው የነበረውም የሚያርፍበት ስላጣ ቀስ በቀስ እየወጣ ይረዝማል። ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለፈታ ይሟሽሻል። በመጀመሪያው ዓመት ከስፋቱ እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። «አሁን ይነቀልልኝ፣ ምትኩን በኋላ አስብበታለሁ» ማለት ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምትኩ መታሰብ ያለበት ጥርሱ ገና አፍ ውስጥ እያለ ነው።

መጀመሪያ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ

ሐኪሙ «ይነቀል» ሲል ራጁን አብረው ይዩና ምክንያቱን እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጥርስ የሚያሳጡት ሁለት በሽታዎች ናቸው።

አንዱ መቦርቦር ነው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሲነካው ይጠዘጥዛል፤ ነርቩ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይነሳል። ይህ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የሥር ሕክምና (የታመመው ነርቭ ወጥቶ የሥሩ ቦይ የሚሞላበት) ተደርጎለት ካፕ፣ ማለትም ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ክዳን፣ ይለብሳል። ወሳኙ ነገር ከድዱ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ መትረፉ ነው። ያ ከሌለ ካፑ የሚጨብጠው ስለማያገኝ ይወልቃል፣ ወይም ሥሩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ከድዱ በላይ የቀረው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሕመሙን ለማስታገስ አስፕሪን ወይም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሳደር ድዱን ያቃጥላል እንጂ በሽታውን አይነካውም።

ሌላው የድድ በሽታ ነው፤ ክፋቱ አለማመሙ ነው። ሲቦርሹ ይደማል፣ የአፍ ጠረን ይለወጣል፣ ድዱ ይሸሻል፣ በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቃል። ብዙ ሰው ደም ሲያይ መቦረሽ ያቆማል፤ ያኔ ይብሳል። ከድዱ ሥር የደነደነው ታርታር በብሩሽም በመፋቂያም አይወጣም፤ ክሊኒክ ሄዶ ማስጠረግ ያስፈልጋል። ሲጋራና ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታ ያፋጥኑታል። የድድ በሽታ ሳይታከም የተሠራ ምትክ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በዚያው በሽታ ይበላሻል። አጥብቀን የምንለው ይህንን ነው።

የቀሩትን ምክንያቶች በአጭሩ እንለፋቸው። ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ጥርስ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ከወረደ መነቀሉ አይቀርም። በሕፃንነት «ግግ» ተብሎ የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ማውጣቱ ከሥሩ የተቀመጠውን የቋሚውን ጥርስ ፍሬ አብሮ ስለሚጎዳ፣ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ተበላሽቶ ይበቅላል ወይም ጭራሽ ሳይበቅል ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙ ብቻውን ግን ለመነቀል ምክንያት አይደለም፣ በመሸፈኛ ይስተካከላል።

ተመትቶ የወለቀ ጥርስ

ከነሥሩ የወለቀ ቋሚ ጥርስ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ወሳኙ ደቂቃ ነው። ነጩን ክፍል ብቻ ይያዙ፣ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈትጉ። አፈር ከነካው በወተት ወይም ለጥቂት ሴኮንድ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ፊቱን ከጎረቤቶቹ ጋር አስተካክለው ወደ ጉድጓዱ ይመልሱት፣ ንጹሕ ጨርቅ ይንከሱና ወዲያው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ያድርጉት። በሶፍት መጠቅለልም ሆነ ውሃ ውስጥ ማቆየት ሥሩን የሸፈኑትን ሕያው ሴሎች ይገድላል፤ ደርቆ 60 ደቂቃ ካለፈው ዕድሉ እጅግ ይጠብባል። የልጅ የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ መመለሱ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

የነቀላው ቀን

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር እንደ አለንድሮኔትና ዞሌድሮኔት ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ወይም ወስደው የሚያውቁ ከሆነም ይንገሩ፤ ከነቀላ በኋላ የመንጋጋው አጥንት ላይድን ይችላል። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ የሚገጠም ጥርስ) ካሰቡ በዚያው ቀን ጉድጓዱ በአጥንት ምትክ ዱቄት ይሞላ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአጥንቱን መሟሸሽ ይቀንሳል።

ቁስሉ ላይ የተደረገውን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳያነሱ ነክሰው ይቆዩ። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፣ አያጭሱ። ለብ ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ይበቃል። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። ጋብ ብሎ የነበረው ሕመም ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ጆሮ እየጠዘጠዘ ከተመለሰ፣ መጥፎ ሽታም ካለው፣ የረጋው ደም ወልቆ አጥንቱ ተጋልጧል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሐኪም ዘንድ ታጥቦ መድኃኒት እንዲደረግበት እንጂ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ መግዛት አይደለም።

ምትኩ

ክፍተት ሁሉ መተካት አለበት ማለት አይደለም። በመጨረሻ የሚበቅለው መንጋጋ ምትክ አያስፈልገውም።

የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በዋጋ ቀላሉ ነው። ከአክሪሊክ (ከፕላስቲክ) የሚሠራው ወፍራም ቢሆንም ሲሰበር ይጠገናል፣ ሌላ ጥርስ ቢነቀልም ይጨመርበታል። በብረት የሚሠራው ቀጭንና ጠንካራ ነው። ሙሉ የአፍ ጥርስ ሲሠራ የአፍ ልክ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ አነካከስ ይለካል፣ በሰም ላይ ተደርድሮ ይሞከራል፣ ከዚያ ይረከባሉ። የሰሙ ሙከራ ላይ አይቸኩሉ፤ መስታወት ይያዙ፣ ቤተሰብ ይምጣ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያውሩ። ቀለሙና ርዝመቱ በቀላሉ የሚስተካከለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራውን ትንሽ ትንሽ እየጎረሱ በሁለቱም ጎን ያላምጡ፤ በፊት ጥርስ ሥጋ መገንጠል ከኋላ ያነሳዋል። የቆሰለ ቦታ ካለ በምላጭ አይፋቁት፤ ያስሞርዱት። ማታ አውልቀው በፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ውሃ ከያዘ ሳፋ በላይ ይጠቡት፣ ቢያመልጥዎ እንዳይሰበር። ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። የታችኛው ሙሉ ጥርስ በምላስ እየተገፋ ስለሚነሳ፣ አቅሙ ያለው ሰው ሁለት ኢምፕላንት ከፊት አስተክሎ እነርሱ ላይ ቢያስይዘው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ድልድይ ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ በሚለበሱ ካፖች የተያዘ ምትክ ጥርስ ነው። በሲሚንቶ ስለሚጣበቅ አይወልቅም፤ ዋጋው ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። ሁለቱም ጥርሶች ዙሪያቸውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሞረዳሉ፣ አይመለሱም። ጎረቤቶቹ ቀድሞም ካፕ የሚሹ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጤነኞች ከሆኑ ግን ሁለት ደህና ጥርስ ለአንድ መሠዋት ያሳዝናል። ከድልድዩ ሥር ብሩሽ ስለማይደርስ በየቀኑ ጫፉ ጠንከር ያለ ፍሎስ (የጥርስ ክር) አሾልከው ይጥረጉ። የድልድይ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ተሸካሚው ጥርስ ከካፑ ጠርዝ ሥር መቦርቦሩ ነው።

ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። የስዊድኑ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ታካሚ አከመበት። 4 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ብሎን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አጥንት ያስፈልጋል፤ ከጎረቤት ጥርስ ቢያንስ 1.5፣ ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ይህን ተራ ራጅ አያሳይም፤ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሲቲ ስካን ይነሱ። ስኳር ካለብዎ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር ውጤትዎን ይዘው ይሂዱ። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ አይተከልለትም፤ መንጋጋው ሲያድግ ብሎኑ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ጥርሱ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ከባሕር ማዶ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥተው ማስጨረስ ለሚያስቡ ይህ ልብ ይባል፦ ጉዞው ሁለት ይሁን፣ ወይም ብሎኑን የተከለውና ጥርሱን የሚገጥመው ሐኪም አስቀድመው ይስማሙ። ሲረከቡ የብሎኑን ስሪት፣ ውፍረትና ርዝመት የያዘውን ካርድ ይጠይቁና ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱት። እያንዳንዱ ስሪት የራሱ መፍቻ ስላለው፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ላይ ቢላላ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያንን ካርድ ነው።