ለልጆች ተረት ሲነግሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አያ ጅቦ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ ቀና አለና «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» አላት። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንደማይፈስ አህያ ታውቃለች፤ ጅቡም ያውቃል። ስለዚህ ክርክር ሳታበዛ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ይህን ተረት ለሰባት ዓመት ልጅ ነግረው ዝም ቢሉ፣ ልጁ ራሱ «ውሃው እኮ የሚመጣው ከጅቡ በኩል ነው!» ብሎ ይነሳል። ትምህርቱ ያለው እዚያ ንዴት ውስጥ ነው። የተረት ጥቅም ልጁን ዳኛ አድርጎ ማስቀመጡ ነው፤ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ፣ ምን መደረግ ነበረበት የሚለውን ልጁ ራሱ ይመዝናል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ያንን የዳኝነት ወንበር ከልጁ የሚቀሙ ናቸው።

«የዚህ ተረት ትምህርት…» ብሎ መደምደም

ከሁሉም በላይ የተለመደው ይሄ ነው። ከትምህርት ቤት መጻሕፍት የወረስነው ልማድ ስለሆነ ስህተት አይመስለንም። ልጁ ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተነገረው በኋላ ማሰቡን ይተዋል፤ መልሱ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ስላወቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለውን ሴት ተረት እንውሰድ። ሴትየዋ መፍትሔ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። እሱም «ከሕያው አንበሳ ጺም ሦስት ፀጉር አምጪልኝ» ይላታል። ሴትየዋ በየቀኑ ለአንበሳው ሥጋ እየወሰደች መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀረብ ብላ ታስቀምጥለታለች። አንበሳው ሲለምዳት ከአጠገቡ ቆማ ፀጉሩን ነቅላ ትመጣለች። ሽማግሌው መድኃኒት አልቀመመላትም፤ «አንበሳውን እንዳላመድሽው ልጁንም አላምጂው» ብሎ አሰናበታት።

እዚህ ላይ «ስለዚህ ልጆች፣ ትዕግሥት ጥሩ ነው» ማለት ተረቱን መግደል ነው። ይልቅ «ሴትየዋ መጀመሪያ ቀን ጺሙን ለመንቀል ብትሞክርስ?» ብለው ይጠይቁ። ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ብዙ ወላጅ ሦስት ላይ ሳይደርስ ራሱ ይመልሳል። ልጁ «አንበሳው እኮ ርቦት ስለነበር ነው» ቢል፣ እርስዎ ያሰቡት መልስ ስላልሆነ አይጣሉት። «እንዴት አወቅህ?» ይበሉት። የእንጀራ ልጇም ቢሆን የተራበ ነገር እንዳለው፣ ፍቅር እንደራበው፣ ከዚያ ተነስቶ ሊደርስበት ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ፈተና ይሆናል።

ምክር በትእዛዝ መልክ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን የራሳችን ማሞ ቂሎ ያሳየናል። ማሞ ለሥራው የተከፈለውን ሳንቲም መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። እናቱ «ኪስህ ውስጥ አታስገባውም ነበር?» ትለዋለች። በማግስቱ ወተት ሲከፈለው ኪሱ ውስጥ ገለበጠው። ምክሩን አክብሯል፤ ያልተረዳው ለምን እንደተመከረ ነው። ትምህርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ የሚያድር ልጅ እንዲሁ ነው፤ ነገሩ መልኩን በለወጠ ጊዜ ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል።

ተረቱን የተግሣጽ ዱላ ማድረግ

ልጁ ቀን የእህቱን ዳቦ ቀምቶ በልቷል። ማታ የስግብግቡ ጅብ ተረት ይወጣለታል፤ ተራኪውም ዓይኑን ከልጁ ላይ አይነቅልም። ልጁ ወዲያው ይገባዋል። የገባው ግን ስግብግብነት መጥፎ መሆኑ ሳይሆን ቤተሰቡ ፊት መዋረዱ ነው። ከዚያ በኋላ «ተረት ልንገርህ?» ሲባል ጆሮው ተግሣጽ ይሰማል።

ጥፋቱን በዚያው ቀን በግልጽ ቋንቋ ይነጋገሩበት። ተረቱን ለሦስትና ለአራት ቀን ያቆዩት። ለገጸ ባሕርይው የልጁን ስም አይስጡ፤ «አንተም እንደ ጅቡ» የምትለዋን ጨርሶ ይተዋት።

ቅጣት ላይ ብቻ የሚያተኩር ተረት ራሱ የምናስበውን ያህል አይሠራም። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሻንጉሊት ዞረው እንዳያዩ ይነገራቸውና ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ታሪክ ይነበብላቸዋል፤ ከዚያ አይተው እንደሆነ ይጠየቃሉ። «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን ሲያታልል የነበረው እረኛ ታሪክም ሆነ አፍንጫው የሚረዝመው የእንጨት ልጅ ታሪክ ልጆቹን ከመዋሸት አላገዳቸውም። የሠራው ዛፍ ቆርጦ እውነቱን በመናገሩ አባቱ ያመሰገነው የጆርጅ ዋሽንግተን ታሪክ ነው። ያው ታሪክ መጨረሻው ወደ ቅጣት ሲለወጥ ኃይሉን አጣ።

ስለ ታማኝነት መናገር ከፈለጉ፣ እንግዲህ፣ ውሸታሙ የተበላበትን ብቻ ሳይሆን እውነተኛው በሰላም ያደረበትንም ይምረጡ። መኪና የተሳፈሩት የሦስቱ እንስሳት ተረት ለዚህ ይመቻል። አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፈለች፤ ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች፤ ውሻ ትልቅ ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደበት። እስከ ዛሬ ፍየል መኪና ስታይ ትሸሻለች፣ ውሻ መልሱን ፍለጋ ያባርራል፣ አህያ ግን ዕዳ ስለሌለባት መንገድ መሐል ቆማ ንቅንቅ አትልም። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ መንገድ ላይ አህያ ባዩ ቁጥርም ያስታውሱታል።

አያ ጅቦን ማስፈራሪያ ማድረግ

«ካልተኛህ አያ ጅቦ ይመጣልሃል» የተረት ተቃራኒ ነው። በተረታችን ውስጥ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው። የማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» የሚል፣ ሊከበር ፈልጎ የሚዋረድ ፍጡር ነው። ልጁ ሊስቅበት ይገባል። በፍርሃት ያስተዋወቁትን ጅብ ግን ማታ በተረት ሊያስቁበት አይችሉም።

መጨረሻውን ማጣፈጥ

አህያዋን የሚያስጥል አንበሳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገባና ሁሉም በሰላም ይኖራሉ። ለልጁ ከማዘን የሚመጣ ስህተት ነው፤ የሚያጠፋው ግን ብዙ ነው። ልጁ ጉልበተኛ ሰበብ እየፈለገ ደካማን እንደሚያጠቃ የሚያውቅበት ተረት፣ ምንም የማያውቅበት ተረት ይሆናል። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬዎች ወንድማቸውን አንድ በአንድ አሳልፈው የሰጡበት ተረትም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው በሬ ካልተበላ መተባበር ለምን እንደሚያስፈልግ አይታይም።

ተረቱ ለልጁ ከከበደ አይለውጡት፤ ያቆዩት። እስኪያድግ የሚነገሩ ሌሎች ሞልተዋል።

መጨረሻው የሚያጠግብ ተረት ደግሞ መሐሉ ላይ ልብ እንዲያሳምም ይተዉት። ምሳሌው የተራራው ውርርድ ነው። አንድ ባለጠጋ አሽከሩን «ቀዝቃዛው ተራራ ላይ ያለ ልብስ፣ ያለ እሳትና ያለ ምግብ ካደርክ መሬት፣ ቤትና ከብት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። አሽከሩ ሌሊቱን ሙሉ ከሸለቆው ማዶ የነደደችን እሳት እያየ ያድራል። ባለጠጋው «በእሳቷ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለባለጠጋው ይፈርዳል። እዚህ ላይ ያቁሙ። «እናንተ ዳኛ ብትሆኑ?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ተከራክረው ሲደክሙ ግብዣውን ያምጡ። አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ባለጠጋውን፣ ዳኛውንና ሹማምንቱን ግብዣ ጠርቶ የወጡ ሽታ ብቻ እንዲደርሳቸው ያደርጋል። ምግቡ አይመጣም። ሲቆጡ «ሽታው ካላጠገባችሁ የሩቅ እሳት እንዴት ያሞቃል?» ይላቸዋል። ልጆቹ ተበድለው ስለቆዩ ፍርዱ ሲስተካከል የሚሰማቸው እፎይታ የራሳቸው ነው።

ዕድሜውን አለመመጠን

ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ገጸ ባሕርይ፣ እየተደጋገመች የምትመለስ አንዲት ሐረግ ይበቃል። ከ5 እስከ 7 ያለው አሥር ደቂቃ ይቀመጣል፤ የእንስሳት ተረት የሚጥመው ያኔ ነው። የተራራው ውርርድ ከስምንት በላይ ላለ ነው። እውነት፣ ሐሰት፣ እሳትና ውሃ ከብት ለመከፋፈል የተጣሉበትን ተረት አሥር ዓመት ካለፈው ልጅ ጋር ይሞክሩት፤ ሐሰት ባልንጀሮቿን እርስ በርስ እንዴት እንዳጋጨች ለመከታተል ዕድሜ ይጠይቃል። «ያንኑ ድገሚልኝ» የሚል ልጅም አሰልቺ አይደለም። መጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጠው ምን እንደሆነ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያስበው በሦስተኛውና በአራተኛው ጊዜ ነው።

ሁልጊዜ እንስሳ ብቻ

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሌላ ጥናት፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ስለ ማካፈል አንድ ዓይነት ታሪክ ተነበበላቸው፤ ለአንዱ ቡድን ሰዎች ያሉበት፣ ለሌላው እንስሳት ያሉበት። ተለጣፊ ሥዕላቸውን ለሌላ ልጅ አብዝተው ያካፈሉት ሰዎች ያሉበትን የሰሙት ናቸው። ትንሽ ልጅ የጦጣን ነገር ወደ ራሱ ሕይወት የሚያሻግረው በራሱ ጊዜ አይደለም። ይህ ጅብና ጦጣን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ሁለት የእንስሳት ተረት ሲነግሩ አንድ የሰው ይጨምሩ፤ «እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለውም ድልድዩን ይሥሩ።

ስለ ጦጣ አንድ ነገር። እመት ጦጢት ስታታልል ልጆች ያጨበጭባሉ፤ ወላጅ ደግሞ «ማታለል ጥሩ ነው ብለው ይማሩብኝ ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። «ያታለለችው የሚበረታባትን ነው ወይስ የሚያንሳትን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ያጠራል።

ሰው የሚያዋርድ ተረት እንዳለ ማስተላለፍ

ይህ በዝምታ የሚታለፍ ስህተት ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ቀጥቃጩ ወይም ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚሉ ተረቶች አሉን። ማረሻውን የሠራልንንና ጀበናውን የሠራችልንን ሰው ቡዳ ብለን አርቀናቸው የኖርነው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው። ልጅ ይህን ሲሰማ የሚማረው ግብረገብ አይደለም፤ የትኛውን ጎረቤት መናቅ እንዳለበት ነው። «የጥንት ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም። ተረት በየትውልዱ አፍ ሲመረጥ የኖረ ነው፤ የዛሬው ተራኪም የመምረጥ መብት አለው። እንዲህ ያለውን ለታዳጊ ካልሆነ፣ እሱንም በግልጽ ከመወያየት ጋር ካልሆነ አይንገሩ።

ክፉዋ እንጀራ እናትም ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ ከሚያዳምጡት ልጆች አንዱ በእንጀራ እናት እጅ የሚያድግ ሊሆን ይችላል። የአንበሳው ጺም ተረት ለዚህ መድኃኒት ነው፤ እዚያ ላይ የምትደክመውና የምትታገሠው እንጀራ እናቲቱ ናት።

መክፈቻውን ዘሎ መግባት

«ተረት ተረት!» «የላም በረት!» ጌጥ አይደለም። መልሱን ራሱ ልጁ ስለሚሰጥ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተካፋይ ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው መልሱን ለልጆች ይተዉ ነበር፤ በየቤቱ ያለው ልጅም ለቴሌቪዥኑ ይመልስ ነበር። ከመጽሐፍ አቀርቅሮ የሚያነብ ሰው ይህን ያጣል። አንድ ጊዜ ለብቻዎ አንብበው መጽሐፉን ይዝጉና የልጁን ዓይን እያዩ ይንገሩት።

በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ላሉ ልጆች በረትም ጅብም ሩቅ ናቸው። ያም ሆኖ ተረቱን በሙሉ ወደ ሌላ ቋንቋ አይገልብጡት። መክፈቻውን፣ መዝጊያውንና ቁልፏን ሐረግ በአማርኛ ያቆዩ፤ ሌላው ልጁ በሚቀልለው ቋንቋ ይሁን። ለአንድ ተረት ከሦስት የማይበልጡ አዲስ ቃላት ይምረጡና ከመጀመርዎ በፊት በሥዕል ያሳዩ። ተረቱ ተረስቶ እንኳ «ሳታመካኝ ብላኝ» ትቀራለች፤ ልጁ አንድ ቀን ሰበብ ሲፈለግበት ራሱ ያወጣታል።

ተረቱን ሳያስመልሱ መተኛት

መዝጊያችን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው። ተራኪው ዕዳ ትቶ ይሄዳል፤ አድማጩ በተራው መተረት አለበት። ብዙ ቤት መዝጊያው ይባላል፣ ዕዳው ግን አይጠየቅም። በሳምንት አንድ ምሽት ልጁ ይተርት። ግማሹን ቢረሳ፣ ጅቡንና ነብሩን ቢያቀላቅል አያርሙት፤ የቱን ክፍል አጥብቆ እንደያዘ ያዳምጡ። አህያዋን ከጅቡ አስጥሎ ቢጨርስም ይተዉት። እርስዎ ቢያጣፍጡት ስህተት ነበር፤ ልጁ ሲለውጠው ግን በፍርዱ አልስማማም ማለቱ ነው። «ማን አዳናት? እንዴት?» ይበሉት። ሲጨርስ ዳቦው የእሱ ነው፤ ቁራሽም ብትሆን በእጁ ይስጡት።