ልጁ ደጋግሞ ሲታመምባችሁ፦ በዘር የሚመጣ የበሽታ መከላከያ ጉድለትን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ልጅ ይታመማል። መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው አትደንግጡ፤ በመሀል ካገገመ፣ ከበላና ክብደቱ ከጨመረ ደህና ነው። እዚህ የማወራው ከአንዱ ሳይወጣ ሌላው ስለሚይዘው፣ መድኃኒቱ ባለቀ ሳምንት ትኩሳቱ ስለሚመለስበት ልጅ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ልጆች ጥቂቶቹ የበሽታ መከላከያቸው ሲፈጠሩ ጀምሮ ጉድለት አለበት። እስካሁን ከ450 በላይ ዓይነት ጉድለት ተለይቷል። ስሙን ማወቅ የስፔሻሊስት ሥራ ነው፤ ጥርጣሬው ግን ከቤት መጀመር ይችላል፣ ደግሞም ብዙ ብር አይፈልግም።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ ካልተሻለው ፒያሳ አንድ የግል ክሊኒክ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሰው የጠቆመው ሌላ ቦታ፣ አንዳንዴም በቀጥታ ፋርማሲ። ሁሉም ጋ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ ሁሉም የዛሬውን ሕመም ያክማል፣ የዓመቱን ግን ማንም አይደምረውም። ደማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ቀኑን፣ ሕመሙን፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ በአፍ ነው በደም ሥር፣ ስንት ቀን ወሰደ፣ ተሻለው ወይስ አልተሻለውም ብላችሁ ጻፉ። ፌስታል ውስጥ የተጠቀለሉትን ውጤቶችና ራጆችም በቀን ቅደም ተከተል ፋይል ውስጥ አስገቧቸው።

ከዚያ ቁጠሩ። በዓመት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ በዓመት 2 ጊዜ የሳምባ ምች፣ 2 ወር አንቲባዮቲክ ወስዶ ለውጥ ማጣት፣ ዓመት ካለፈው በኋላ አፉን የማይለቅ ነጭ ፈንገስ፣ ቆዳ ላይ ወይም ውስጥ ጉበት ላይ ደጋግሞ መግል መቋጠር፣ ክብደት አለመጨመር። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። የጀመረበት ወርም ብዙ ይናገራል፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተቅማጥ፣ የአፍ ፈንገስና የክብደት መቆም ከመጡ ከባዱ የጉድለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቀን አታሳልፉ፤ 6 ወር ካለፈው በኋላ ከሆነ ደግሞ ከእናት የተቀበለው አንቲቦዲ (ጀርም የሚዋጋው የደም ፕሮቲን) አልቆ የራሱን መሥራት አቅቶት ሊሆን ይችላል።

አሁን የሚከብደው ክፍል፣ የቤተሰብ ታሪክ። እኛ ጋ በሕፃንነቱ ስለሞተ ልጅ ብዙ አይወራም። «ሾተላይ ነው» ይባላል፣ ጸበል ይሄዳሉ፣ ይዘጋል። አያቶችን በቀስታ ጠይቋቸው፤ በተለይ በእናት በኩል፣ በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንድ ልጆች፣ አጎቶች፣ የአክስት ልጆች ነበሩ ወይ? አንዳንዶቹ ጉድለቶች እናት ራሷ ጤነኛ ሆና የምታስተላልፋቸው ናቸው፤ የምትወልደው ወንድ ልጅ ሁሉ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው። «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው» ማለት ስለዚህ አያድንም። እናትየዋ ላይ ጣት የሚቀስር ዘመድ ካለ አስቁሙት፤ ማንም መርጦ ያስተላለፈው ነገር የለም።

ወደ ምርመራው እንግባ። ሐኪሙ መጀመሪያ በብዛት ያለውን ያጣራል፦ ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ የምግብ እጥረት። ልክ ነው፣ አትቆጡ። ከ18 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ተራው የኤችአይቪ ምርመራ የእናቱን አንቲቦዲ ሊያሳይ ስለሚችል ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ማንኛውም ላቦራቶሪ የሚሠራው ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ አለ። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላውን ነጭ የደም ሴል በሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ፐርሰንት አባዙት። 6,000 ሆኖ ሊምፎሳይቱ 20 ፐርሰንት ቢሆን 1,200 ይመጣል። ለአዋቂ ይህ ደህና ነው፣ ማሽኑም ምልክት ላያደርግበት ይችላል፤ ለ4 ወር ሕፃን ግን በጣም ዝቅተኛ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ከ3,000 በታች ሲሆን ያጠራጥራል። ወረቀቱ ላይ የታተመው መለኪያ የአዋቂ እንዳይሆን የማሳስበው ለዚህ ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት አንሶ ወንዱ ልጅ ቆዳውም የሚቆጣ ከሆነ እሱንም ለሐኪሙ አሳዩ።

ሌላው ርካሽ ምርመራ የደም ጠቅላላ ፕሮቲንና አልቡሚን (አንዱ የደም ፕሮቲን) ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስትቀንሱ የሚተርፈው ግሎቡሊን ነው፣ አንቲቦዲዎቹም እዚያ ውስጥ ናቸው። እሱ በጣም ካነሰ አይጂጂ፣ አይጂኤ እና አይጂኤም የሚባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ልኬት ይታዘዛል። አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን በፈረንጆቹ 1952 ደጋግሞ የሚታመም የ8 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን (አንቲቦዲዎቹ ያሉበት የግሎቡሊን ክፍል) እንደሌለ ያገኘው የደም ፕሮቲን አስመርምሮ ነው፤ የጎደለውን በመርፌ እየሰጠም ልጁን አሻለው። ዛሬም ለብዙዎቹ የአንቲቦዲ ጉድለቶች ሕክምናው የጎደለውን መተካት ነው፤ ለከባዱ ዓይነት የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል።

ፋይሉን ይዛችሁ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂዱና «የበሽታ መከላከያ ጉድለት ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ካጻፋችሁ የጥቁር አንበሳ ሕፃናት ክፍል አለ፤ ወረፋው ይረዝማልና በጠዋት ድረሱ፣ ዋናውን ወረቀት ሳይሆን ኮፒውን ስጡ።

ክትባትን በተመለከተ፦ ለአብዛኛው ልጅ ማስቀረት ትልቅ ስህተት ነው። ነገር ግን ሲወለድ የሚሰጠው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሕይወት ያለው (የተዳከመ ጀርም የያዘ) ክትባት ስለሆነ መከላከያው የጎደለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ከተወጋ በኋላ ብብቱ ሥር እብጠት ወጥቶ እየቆሰለ፣ ትኩሳት እየጨመረበት ከሄደ ቶሎ ይታይ። ከዚህ በፊት ሕፃን በከባድ ኢንፌክሽን ካጣችሁና ሌላ ከጸነሳችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ከወሊድ በፊት ንገሩት፤ ሕፃኑ ቢሲጂ ከመወጋቱ በፊት ሲቢሲ ይሠራለት እንደሆነ አብራችሁ ትወስናላችሁ።