የአባቴን የዕድር ደንብ ያለ ወርድ እንዴት እንደከፈትኩት

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሳሉ የተየቡት መተዳደሪያ ደንብ በአንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ስለሚጠቀም ማይክሮሶፍት ወርድ የለውም። ሊብሬ ኦፊስ ራይተር በተባለው ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም ስሞክረው ወዲያው ተከፈተ፤ ሰንጠረዡም ቦታውን ይዟል። ጽሑፉ ግን የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ያ ሁሉ ድካማቸው ጠፋ ብዬ ደነገጥኩ።

ፋይሉ አልተበላሸም ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ስለነበር፣ ፎንቱ ሲታጣ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ስለዚህ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን የዩኒኮድ ፎንቶች መጫን አይረዳም፤ እኔ በዚህ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። የግድ ያው የተጻፈበት ፎንት ያስፈልጋል።

ጽሑፉን መርጬ የፎንት ሳጥኑን ሳይ ስሙ በሰያፍ ተጽፏል፤ ሊብሬ ኦፊስ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለን ፎንት የሚያሳየው እንዲህ ነው። አባቴ ቤት ካለው አሮጌ ዊንዶውስ፣ ከፎንትስ ፎልደር፣ በዚያ ስም ያለውን ፋይል ቀድቼ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። ራይተርን ዘግቼ ድጋሚ ስከፍት «አንቀጽ 1» አለ። ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

ወዲያው ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት፤ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ አባላቱ በስልካቸው ያነቡታል። ከፒዲኤፉ ኮፒ ሲደረግ ግን አሁንም ላቲኑ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚሻሻሉትን አንቀጾች በዩኒኮድ እንደ አዲስ እየተየብኩ ነው፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ያነቡልኛል።