ከኬንያ የኮቪድ ዘመቻ፦ ዳግም መሠራት የሌለባቸው ስህተቶች

ኬንያ የመጀመሪያውን የኮቪድ ታማሚ ያስታወቀችው ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዕለት። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ለይቶ ማቆያ ተከፈተ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በፍጥነት ረገድ የምትታማ አገር አይደለችም። ነገሩ የተበላሸው ትእዛዙን እንዲያከብር የተጠየቀው ሰው ወጪውንም እንዲሸከም ሲደረግ ነው። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ነገ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ በወረዳ፣ በሆስፒታል ወይም በኬላ ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው የቀረቡ ናቸው።

1. ለይቶ ማቆያን ማስከፈል

ከሁሉም ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ የገባ ሰው ሁሉ በሆቴል ወይም በመንግሥት ተቋም ለ14 ቀን እንዲቆይ ተደረገ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ራሱ ነበር። ርካሽ የተባለው የመንግሥት ማደሪያ እንኳ በቀን 2,000 ሽልንግ ገደማ ያስከፍል ስለነበር በ14 ቀን 28,000 ይደርሳል። በዚያ ላይ አብረው ከተቀመጡት አንዱ ቫይረሱ ሲገኝበት የሌሎቹም ቆይታ ይራዘማል፤ ሒሳቡም አብሮ ይጨምራል። ሰዓት እላፊ የጣሱ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ማቆያ መላክ ሲጀምሩ ሕዝቡ ቦታውን እንደ እስር ቤት ማየቱ አያስገርምም። ኤፕሪል ላይ ናይሮቢ ውስጥ ከማቆያ አጥር ዘለው ያመለጡ ነበሩ።

መክፈል የማይችል ሰው ቢያስለውም ለምርመራ አይሄድም። የተገኘበትም ቢሆን ጎረቤቱን ዕዳ ውስጥ ላለመክተት ያገኛቸውን ሰዎች ስም ይደብቃል። ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የናይሮቢው ኢስሊ ሜይ 6 መግቢያ መውጫው ሲዘጋ፣ ለጅምላ ምርመራ የወጣው ሰው ከታሰበው በታች ሆነ። መንግሥት በራሱ ማቆያዎች ያለውን ወጪ እሸፍናለሁ ያለው በዚያው ወር ነው፤ ወሬው ግን ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ስለዚህ ማቆያ ከመክፈትዎ በፊት መኝታና ምግብ ነጻ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ለገባው ሰው የመውጫ ቀኑን በጽሑፍ ይስጡ። በተለያየ ቀን የገቡ ሰዎችን በአንድ ክፍልና በአንድ መጸዳጃ አይቀላቅሉ። ይህ ከተጠበቀ አንድ ታማሚ ሲገኝ ቆጠራው እንደገና የሚጀምረው አብረውት በነበሩት ላይ ብቻ ነው።

2. ትራንስፖርቱን ሳያሰሉ ሰዓት እላፊ ማወጅ

ሰዓት እላፊው ማርች 27 ሲጀምር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። 14 ወንበር ያላት ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ከ8 ሰው በላይ እንዳትጭን ታዛለች፤ በአራት ምልልስ ታደርሰው የነበረውን 56 ሰው ለማድረስ አሁን ሰባት ምልልስ ያስፈልጋታል። ሠራተኛው የሚለቀቅበት ሰዓት ግን አልተለወጠም። ሞምባሳ ሊኮኒ ጀልባ ለመሳፈር ተጨናንቆ በተሰለፈው ሕዝብ ላይ ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ዱላና አስለቃሽ ጭስ ተጠቀመ። የመተንፈሻ አካል በሽታን ለመከላከል ሕዝብን ተጠጋግቶ እንዲያስል ማድረግ! የፖሊስን ሥራ የሚቆጣጠረው ተቋም እስከ ጁን መጀመሪያ ድረስ ከአፈጻጸሙ ጋር የተያያዙ 15 ሞቶችን መዝግቧል። ጁን ላይ የእላፊው መጀመሪያ ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ተገፋ። በቅድሚያ መደረግ የነበረበት የሥራ መውጫ ሰዓትን በየመሥሪያ ቤቱ ማፈራረቅ ነው።

3. የከባድ መኪና ሾፌርን ኬላ ላይ ብቻ መመርመር

በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ባሉት የቡሲያና የማላባ ኬላዎች ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ ነበር፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሾፌሩ ቀናት ይጠብቅ ነበር። ሰልፉ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠር ነበር፤ ሾፌሮቹም አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ምርመራው ጭነት በሚጫንበት ቦታ፣ ከመነሳት በፊት ይሁን፤ ምስክር ወረቀቱንም ሁለቱም አገሮች ይቀበሉት። በሞያሌ መስመርም ስምምነቱ ወረርሽኝ ሳይገባ አስቀድሞ ቢፈረም ይሻላል።

4. የተመዘገበውን ቁጥር እንደ ሥርጭቱ ማንበብ

ተመራማሪዎች ከኤፕሪል 30 እስከ ጁን 16 ቀን 2020 ድረስ ከ3,098 የኬንያ ደም ለጋሾች የተወሰደ ናሙና መርምረው፣ ከማስተካከያ በኋላ 4.3 በመቶው የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውየው አስቀድሞ በቫይረሱ መያዙን የሚያሳይ ምልክት) እንዳለበት አገኙ። ይህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው፤ በይፋ የተመዘገበው ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። ደም ለጋሽ ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ አይወክልም፤ ልዩነቱ ግን በዚያ ብቻ የሚብራራ አይደለም። ምርመራው ጥቂት፣ ሕዝቡ ወጣት፣ ምልክት ያላሳየውም ብዙ ነበር። የሞት ቁጥር ማነሱንም በጥንቃቄ ይዩት፤ ቤቱ የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። ታንዛኒያ ኤፕሪል 29 ላይ 509 ታማሚ ብላ ሪፖርት ማውጣት አቆመች፤ በሁለቱ አገሮች ድንበር ናማንጋ ላይ ግን ከእርሷ በሚገቡ ሾፌሮች ላይ ቫይረሱ መገኘቱ ቀጠለ።

5. ከኦክስጅን በፊት ቬንቲሌተር መቁጠር

በወረርሽኙ መግቢያ ኬንያ 537 ያህል የጽኑ ሕሙማን አልጋና 256 ቬንቲሌተር (ለታማሚ መተንፈሻ የሚሆን ማሽን) ነበራት፤ ከ47ቱ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እንዲህ ያለ ክፍል የነበራቸው 22 ብቻ ነበሩ። ወሬው ሁሉ በቬንቲሌተር ላይ ሆነ። አብዛኛው ጽኑ ታማሚ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። 7,000 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሥር እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ካሉ በቀን ከ20 በላይ ሲሊንደር ይፈለጋል ማለት ነው። የሚሞላው የት ነው? የሚያመላልሰው መኪናስ? መብራት ሲጠፋ ኦክስጅንን ከአየር የሚለየው ኮንሰንትሬተር በምን ይሠራል? ጥያቄው ከዚህ ይጀምር።

6. ግዢን በጥድፊያ መፈጸም

የመንግሥት የሕክምና አቅርቦት ድርጅቱ ኬምሳ የ7.8 ቢሊዮን ሽልንግ ግዢ በኦዲተር ተመረመረ። በጀት ሳይያዝ፣ ከገበያ በላይ በሆነ ዋጋ የተገዛው ዕቃ መጋዘን ተከምሮ ሲቀር፣ በዲሴምበር ነርሶችና ሐኪሞች ከጥያቄዎቻቸው አንዱ መከላከያ ልብስ ሆኖ ሥራ አቆሙ። አስቸኳይ ግዢም ቢሆን የገበያ ዋጋና የተያዘ በጀት በጽሑፍ ይቅደሙት።

7. በአንድ ክትባት አቅራቢ ላይ መደገፍ

ማርች 3 ቀን 2021 ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል 1.02 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ ናይሮቢ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ክትባቱን ታመርት የነበረችው ሕንድ ወደ ውጭ መላክ ስትገታ፣ በሁለቱ ዶዞች መካከል ያለው ጊዜ ከ8 ወደ 12 ሳምንት ተራዘመ። ቀጣዩ ጭነት መቼ እንደሚመጣ በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ ሁለተኛውን ዶዝ መያዝ ወይም በመጀመሪያው ብዙ ሰው መድረስ የሚለው ምርጫ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፤ ለተከታቢውም በግልጽ ይነገረው።