ኔትዎርክ ቢቋረጥም ስራ እንዳይቋረጥ፦ የቲመክስ አጠቃቀም

በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በኮማንድ መስሪያ መንገድ ነው) ሰርቨር ገብቼ የዳታቤዝ ባክአፕ አስጀምሬ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ዋይፋዩ ጠፋ፣ ተመልሼ ስገባ ባክአፑም አብሮ ሞቷል፣ በቃ ከዜሮ። ሁለቴ እንዲህ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው ቲመክስ የሚባለውን የተርሚናል ፕሮግራም የለመድኩት። ብዙ ሰው ስክሪን መክፈያ ብቻ ይመስለዋል፣ ለኔ ግን ስክሪን መክፈሉ ምርቃት ነው። ዋናው ነገር ቲመክስ ሰርቨሩ ላይ ለብቻው የሚሮጥ ፕሮሰስ መሆኑ ነው፣ ስራችሁ የሚንጠለጠለው በሱ ላይ እንጂ በናንተ ኮኔክሽን ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ኔትዎርኩ ቢሄድም እሱ ስራውን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ጫኑት፣ ኡቡንቱ ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቲመክስ ነው (ኮማንዶቹን እንደሚነበቡት ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው)። አደራ ላፕቶፓችሁ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ፣ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ከዛ ረጅሙን ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ቲመክስ ኒው -ኤስ ባክአፕ በሉ፣ የመጨረሻዋ የሴሽኑ (ቲመክስ ክፍት አድርጎ የሚያቆይላችሁ የስራ ቦታ) ስም ናት፣ የፈለጋችሁትን ስጡት። ከታች አረንጓዴ መስመር ከመጣ ገብታችኋል፣ ስራችሁን አስጀምሩ። መውጣት ስትፈልጉ ኮንትሮልና ቢ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ከዛ ዲ። ልቀቁ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ሶስቱን አንድ ላይ ተጭኖ አልሰራ አለኝ የሚል አይጠፋም። ስትመለሱ ቲመክስ ኤልኤስ ያሉትን ሴሽኖች ያሳያችኋል፣ ቲመክስ አታች -ቲ ባክአፕ ስትሉ ደግሞ ልክ እንደተዋችሁት ታገኙታላችሁ። ማሽኑ ራሱ ሪቡት ካደረገ ግን ሴሽኑም አብሮ ይጠፋል፣ ከዛ አያድናችሁም።

ስክሪን ለመክፈል ያው ኮንትሮል ቢ ይቀድማል፣ % ግራና ቀኝ ይከፍለዋል፣ " ላይና ታች። በቀስት ቁልፎች ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳላችሁ፣ ዜድ ያላችሁበትን ብቻ ሙሉ ስክሪን ያደርገዋል፣ ደግማችሁ ስትጫኑት ይመለሳል። እኔ ግራ ኮዱን ቀኝ ሎጉን አድርጌ ነው የምሰራው፣ ኤረር ሲመጣ ቀኙን ዜድ አድርጌ አነብና እመልሰዋለሁ። ሲ አዲስ ዊንዶው ይከፍታል፣ ቁጥራቸው ከ0 ስለሚጀምር ሁለተኛው 1 ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፣ ወደ ላይ ስክሮል ማድረግ። ኮንትሮል ቢ ከዛ [ ስትሉ በቀስት ወደ ላይ መሄድ ትችላላችሁ፣ በኪው ትወጣላችሁ፣ ኪው መጫን የረሳ ሰው ኪቦርዱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። በማውስ ይሻለኛል ካላችሁ ኮንትሮል ቢ ከዛ : ብላችሁ ሴት -ጂ ማውስ ኦን ጻፉ፣ በቋሚነት እንዲሆን ያቺኑ መስመር ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ነጥብ ቲመክስ ነጥብ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ላይ አስገቧት። ከዛ በኋላ በማውስ ኮፒ ማድረግ እምቢ ካላችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ምረጡ፣ አብዛኛው ተርሚናል ላይ ይሰራል።